የሜፕል ዛፍና የበረዶው ወራት

የካናዳን ሰንደቅ ዓላማ ያየ ሁሉ የሜፕልን ቅጠል አይቷል። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በነጩ መደብ ላይ በቀይ ቀለም የሚታየው ባለ ጣት ቅጠል የዚህ ዛፍ ነው። ዛፉን ራሱን ግን በአገራችን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሜፕል ወገን ከ100 የሚበልጡ ዝርያዎች ሲኖሩት የሚበዙት በእስያ፣ የቀሩት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይበቅላሉ። አንዳንዱ ለጣውላ፣ አንዳንዱ ለጣፋጭ ፈሳሹ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለዓይን ውበት ብቻ ይተከላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን የመጨረሻውን፣ በተለይም የጃፓን ሜፕል የሚባለውን ትንሽ ዛፍ ነው። ዛሬ ይህ ዛፍ ከጃፓን ወጥቶ በአውሮፓና በአሜሪካ የመኖሪያ ግቢዎች ተሠራጭቷል፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተንና በአካባቢው ከየቤቱ ደጃፍ ይታያል።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ፒተር ቱንበርግ በ1775 እና በ1776 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ቆይቶ ያየውን ዛፍ ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ቅጠሉ የተዘረጋ መዳፍ ስለመሰለው በላቲን ቋንቋ «ባለ መዳፍ» የሚል ስም አወጣለት። ጃፓኖች ግን ከእርሱ በፊት «ካኤዴ» ብለውታል፤ ቃሉ የመጣው «የእንቁራሪት እጅ» ከሚል አነጋገር ነው። ሁለቱን ስም አውጪዎች ብናወዳድር እኛ ለጃፓኖቹ እናደላለን። የሰው መዳፍ እንደዚያ ቀጭንና የተሰነጣጠቀ ጣት የለውምና።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ነው፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ግን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ የብርድና የበረዶ ወቅት ነው። ግራ እንዳያጋባ እርሱን «የበረዶው ወራት» እንለዋለን። ከእርሱ በፊት ያለውን ቅጠል የሚረግፍበትን ጊዜ መፀው፣ ከእርሱ በኋላ ያለውን ፀደይ ብለን እንጠራለን። እንደዚሁም የረጋውን ውሃ በረዶ፣ እንደተባዘተ ጥጥ ከሰማይ የሚወርደውን አመዳይ እንለዋለን።

የጃፓን ሜፕል ቅርንጫፍ በሚገባ ከተዘጋጀ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ብርድ ችሎ ያድራል። ግንዱም ሆነ እንቡጡ እንደ እንስሳ ሙቀት አያመነጭም። የሚሸሽበትም ስፍራ የለውም። ከአካሉ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሲረጋ በይዘቱ 9 ከመቶ ያህል ይጨምራል። በውሃ የተሞላ ጠርሙስ ሌሊቱን ውጭ ቢያድር እንደሚፈነዳ የምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ዛፍ ለምን አይፈነዳም ብለን መጠየቅ ይገባናል። መልሱን የተረዳ ሰው ዛፉን እንዴት መንከባከብ እንዳለበትም ይረዳል። ያልተረዳው ግን ከብርድ አድነዋለሁ ብሎ ወደ ሞቀ ሳሎን ያስገባውና በደግነቱ ይገድለዋል። ሜፕል በበረዶው ወራት የሚሻው ሙቀትን አይደለም፤ የሚሻው የማይዋዥቅ ቅዝቃዜን ነው።

ቅጠል ከመርገፉ በፊት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ገና ብርዱ ሳይመጣ ነው። የኪዮቶ ወይም የካናዛዋ ሰው በሴፕቴምበር ገና ላቡን እየጠረገ ሳለ ዛፉ የቀኑን ማጠር አውቆታል። በእነዚህ ከተሞች ኬክሮስ ላይ በዓመቱ ረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮቲን የሌሊቱን ርዝመት ይለካል። ሌሊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ዛፉ ማደጉን አቁሞ እንቡጡን በቅርፊት ይሸፍናል። የሙቀት መጠን ከዓመት ዓመት ሊያታልል ይችላል፤ የቀን ርዝመት ግን አያታልልም።

ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ዛፉ በቅጠሉ ያለውን ናይትሮጅን ወደ ግንዱና ወደ ቅርንጫፉ ይመልሳል፤ አረንጓዴው ክሎሮፊልም ይፈርሳል። በእርሱ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል። ሰዎች ከሩቅ አገር ሊያዩት የሚመጡት ቀይ ቀለም ግን ተሸፍኖ የቆየ አይደለም፤ ዛፉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ የሚሠራው ነው። ለዚህም ነው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ሳይኖረው ቀዝቃዛ በሆነበት ዓመት ቅጠሉ ይበልጥ የሚቀላው።

ተንከባካቢው በዚህ ጊዜ ሊያደርግ የሚገባው ዋናው ነገር አለማድረግ ነው። ከበጋቸው አጋማሽ በኋላ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ የሰጠ ሰው ዛፉን «ገና እደግ» ብሎታል። ያ ዘግይቶ ያቆጠቆጠ ለስላሳ ቀንበጥ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበትና ይጠቁራል።

በረዶው የሚሠራው የት ነው?

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ዛፍ አንድ ጠርሙስ አይደለም። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ስብስብ ሲሆን፣ በሕዋሳቱ መካከል አየርና ጥቂት ውሃ ያለበት ክፍት ቦታ አለ። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ ስኳርና ጨው የሟሙበት ነው፤ በመካከል ያለው ውሃ ግን ወደ ንጹሕ የቀረበ ነው። በኬሚስትሪ እንደተማርነው በ1 ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 1 ሞል ነገር ቢሟሟ ውሃው የሚረጋበት ልክ በ1.86 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ብርዱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ከሕዋሱ ውጭ ያለው ውሃ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር እጅግ ያስደንቃል። ከበረዶው ይልቅ ያልረጋው ውሃ የማምለጥ ዝንባሌው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ውሃ ከሕዋሱ ውስጥ በገለፈቱ በኩል እየወጣ ከውጭ ባለው በረዶ ላይ ይከመራል። ውሃው በወጣ ቁጥር በሕዋሱ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ እየወፈረ ይሄዳል፤ በወፈረ ቁጥርም የሚረጋበት ልክ ዝቅ ይላል። ይህ ሩጫ የሚቆመው የውስጡ ፈሳሽ ከውጭው ብርድ ጋር ሲመጣጠን ነው። እስኪ በቁጥር እንየው። መጀመሪያ በሕዋሱ ውስጥ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 1 ሞል ነገር ሟሙቶ ነበር እንበል። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 5.4 ሞል ከፍ ማለት አለበት። ይህ የሚሆነው ከውሃው 80 ከመቶ የሚሆነው ሲወጣ ነው። ሕዋሱ ልክ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል፤ ነገር ግን በውስጡ በረዶ የለም፣ ሕይወቱም አልጠፋችም።

ዛፉ በመፀው ወራት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ለዚህ ነው። መነሻው 1 ሞል መሆኑ ቀርቶ 2 ሞል ቢሆን፣ በዚያው ብርድ የሚወጣው ውሃ ከ80 ወደ 63 ከመቶ ዝቅ ይላል። ሕዋስ በመድረቁ ብዛት ይሞታልና ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስሌታችን ፈሳሹን እንደ ንጹሕ የመማሪያ መጽሐፍ መፍትሔ የቆጠረ ቢሆንም አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል።

በረዶ በሕዋሱ ውስጥ ቢሠራስ? ያን ጊዜ የበረዶው ስለታም ገጾች ገለፈቱን ይቀዳድዱታል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ይህ የሚሆነው መቼ ነው? ብርዱ በጣም በፍጥነት ሲወርድ፣ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ሲያጣ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ብርድ በሦስት ቀን ቀስ ብሎ ሲመጣ ምንም የማይጎዳው ዛፍ፣ ያው ብርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወርድበት ሊጎዳ ይችላል። የብርዱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን የለውጡ ፍጥነትም ይቆጠራል።

በማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅርንጫፍና ስለ እንቡጥ ነው። ሥር ግን እንደ ቅርንጫፍ አልሠለጠነም። ቅርንጫፉ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚችለው የጃፓን ሜፕል ሥሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል፤ አዳዲሶቹ ቀጫጭን ሥሮች ደግሞ ከዚያም ቀድመው ይጎዳሉ። ይህ የዛፉ ጉድለት አይመስለንም። ሥር በተፈጥሮ የሚኖረው ምድር ውስጥ ነው፤ ምድርም ያን ያህል አትቀዘቅዝም።

ለምን እንደማትቀዘቅዝ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ሙቀትና ብርድ ወደ አፈር የሚገቡት እንደ ማዕበል ሆነው ነው፤ በጠለቁ ቁጥርም ይደክማሉ። ለተለመደ እርጥብ አፈር ብናሰላው፣ የቀንና የሌሊቱ መለዋወጥ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጠልቅ ወደ አንድ ሦስተኛው ይወርዳል። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ከአንድ አሥረኛ በታች ይሆናል። የዓመቱ መለዋወጥ ግን ዝግ ያለ ማዕበል ስለሆነ በተመሳሳይ መጠን ለመድከም ከ2 ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። በምድር የተተከለ ሜፕል ሥሩ የሌሊቱን ብርድ ሳይሰማ ያድራል ማለት ነው፤ ከታች ደግሞ ከበጋው የተረፈ ሙቀት እየወጣ ይደርሰዋል።

ያንኑ ዛፍ ወስደን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማሰሮ ብንተክለው ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የማሰሮው መካከል ከየትኛውም ጎን የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብርዱም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከዙሪያውና ከታች ይገባል። ሥሮቹ የሚበዙት ደግሞ የማሰሮውን ግድግዳ ተጠግተው ነው። ቅርንጫፉ ጤናማ፣ እንቡጡ ያበጠ ሆኖ የታየው ዛፍ በፀደይ ቅጠል አውጥቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንገት የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። ዛፉ ቅጠል ያወጣው በቅርንጫፉ በተረፈው ስንቅ ነበር። ሥሩ ከሞተ ግን ወራት አልፈዋል።

ስለዚህ በሚኒያፖሊስ ባለ በረዶው ወራት ከባድ በሆነ ከተማ ሜፕልን በማሰሮ የሚያሳድግ ሰው ጥረቱን ሁሉ ማዋል ያለበት በሥሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በጣም ቀላል ነው፤ ከፍተኛው ብርድ ከመምጣቱ በፊት አፈሩን ውሃ ማጠጣት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያፈገፍጋል፤ እርጥብ ነገር ይበልጥ ይቀዘቅዛል ብሎ ያስባልና። ፊዚክሱ የሚለው ሌላ ነው። 1 ኪሎ ግራም ውሃ በዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ በረዶ ሲለወጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ይህ ስውር ሙቀት የሚባለው ነው። ያው ውሃ ፈሳሽ እንደሆነ በ1 ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ግን 4.2 ኪሎ ጁል ነው፤ ሰማንያ እጥፍ ያንሳል።

ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቁመት ማሰሮ 21 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል። በሚገባ ከጠጣ 6 ሊትር ውሃ በውስጡ ሊኖር ይችላል። ይህ ውሃ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ድረስ 2,000 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ባለ 60 ዋት አምፖል በማሰሮው ውስጥ ከ9 ሰዓት በላይ ቢበራ የሚሰጠው ሙቀት ይህንኑ ያህል ነው። ውሃው እስኪያልቅ ድረስም የአፈሩ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ እምብዛም አይወርድም፤ ዜሮ ዲግሪ ደግሞ ሥሩን አይገድለውም። ደረቅ አፈር ግን እንዲህ ያለ ስንቅ ስለሌለው በአንድ ሌሊት ወደ አደገኛው ልክ ይወርዳል። እርግጥ ውሃው በማሰሮው ግርጌ መቋጠር የለበትም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ማሰሮውም የሸክላ ከሆነ እንደዚያ ጠርሙስ ይሰነጠቃል።

የማሰሮው ትልቅነትም ይጠቅማል። ስፋቱም ቁመቱም እጥፍ ቢሆን የሚይዘው አፈር 8 እጥፍ ሲሆን ብርድ የሚያስገባው ገጹ ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ማሰሮውን እስከ አፉ ድረስ ምድር ውስጥ መቅበር ነው። ያልተቻለ እንደሆነ ከቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ ዙሪያው በጭድ ወይም በረገፈ ቅጠል ተሞልቶ ይቀመጣል። የማይሞቅ ጋራዥ ወይም የዕቃ ቤትም መልካም ነው፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ብርሃን አያሻውም።

ጋቢ ለድንጋይ

ዛፍን በልብስ ስለመጠቅለል ብዙ ይባላል። ጋቢ የለበሰ ሰው የሚሞቀው ጋቢው ሙቀት ስላለው አይደለም። ሙቀቱን የሚያመነጨው ሰውየው ነው፤ ጋቢው እንዳያመልጥ ያዘገየዋል። ለድንጋይ ጋቢ ብናለብሰው ግን ድንጋዩ አይሞቅም፤ ከውጭው ብርድ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ ይዘገያል እንጂ። የተጠቀለለ ሜፕልም ወደ ድንጋዩ ይቀርባል። ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነበት አገር የማሰሮው መጠቅለያ ብቻውን አያድንም። ለአንድ ሌሊት ለሚመጣና ለሚሄድ ብርድ ግን እጅግ ይጠቅማል።

ለመጠቅለያ ጆንያ ይመረጣል። በቅርንጫፉ ላይ ፕላስቲክ የሚያለብሱ ሰዎች አሉ፤ እኛ አጥብቀን እንቃወማለን። ፕላስቲክ በጠራ ቀን የፀሐይን ጨረር አስገብቶ ሙቀቱን ያፍነዋል። በቀን ከዜሮ በላይ የሞቀው እንቡጥ በማታ ወደ ብርዱ ሲመለስ የሚገጥመው ቀደም ብለን ያነሣነው ፈጣን ለውጥ ነው። የጃፓን ሜፕል ቀጭን ልጥም ያለ ፕላስቲክ እንኳ ይህን አደጋ ያየዋል። በበረዶው ወራት ከሰዓት በኋላ ያለችው ዝቅ ያለች ፀሐይ የግንዱን ደቡብ ምዕራባዊ ጎን ታሞቀዋለች፤ ስትጠልቅ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። በዚያ ጎን ልጡ ሞቶ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ጥላ ነው፤ ወይም ግንዱን ብርሃን በሚመልስ ነጭ ነገር መሸፈን።

በሥሩ ዙሪያ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር በቂ ነው። ግንዱን እንዳይነካ ግን ጥቂት መራቅ አለበት፤ አለዚያ አይጦች በውስጡ ተደብቀው ልጡን ዙሪያውን ይግጡታል።

አመዳይ፦ ልብስም ሸክምም

ከጉዝጓዝ ሁሉ የሚበልጠው ራሱ አመዳይ ነው። አዲስ የወረደ አመዳይ አብዛኛው ይዘቱ አየር ስለሆነ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከጥሩ በረዶ ከ20 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት፣ ከግማሽ ሜትር አመዳይ በታች ያለው መሬት በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ ላይ አመዳይ የሚጠርግ ሰው የዛፉን ልብስ ገፈፈ ማለት ነው። በሌላ በኩል ከመንገድ ላይ የተጠረገውን፣ ጨው የተነሰነሰበትን ወደ ሥሩ መከመር ዛፉን መመረዝ ነው።

በቅርንጫፍ ላይ ሲሆን ነገሩ ሸክም ይሆናል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ደረቅ አመዳይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እርጥቡ ከዚህ ሦስት እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ከጃፓን ባሕር በኩል እርጥብ አመዳይ የሚወርድባት የካናዛዋ ከተማ ለዚህ መላ አላት። ኬንሮኩኤን በሚባለው ዝነኛ የአትክልት ስፍራ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን ሠራተኞች ከዛፉ መካከል ረጅም ምሰሶ አቁመው፣ ከጫፉ ብዙ ገመዶችን እየዘረጉ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ማንጠልጠል ይጀምራሉ። ከሩቅ ሲታይ ክዳኑ ያልለበሰ የጎጆ ጣራ ይመስላል። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ለአረጋውያን ጥዶች ቢሆንም የሸክሙ ሕግ ለሜፕልም አንድ ነው። ገመድ የሌለው ሰው አመዳዩን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ቢያራግፍ ይበቃዋል። በቅርንጫፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ ግን በዱላ መምታት አይገባም። የረጋ ቅርንጫፍ ተሰባሪ ነው፤ ከበረዶው ጋር ራሱ ይወርዳል።

የሚያለቅሰው ግንድ

በበረዶው ወራት መጨረሻ የሜፕልን ቅርንጫፍ የቆረጠ ሰው ከቁስሉ ውሃ ሲንጠባጠብ ያያል። ሌሎች ዛፎች ዝም ሲሉ ሜፕል ለምን ያለቅሳል? ምክንያቱ በእንጨቱ ውስጥ ያሉ አየር የያዙ ጥቃቅን ቃጫዎች ናቸው። ሌሊት ሲረጋ ውሃ ወደ እነዚህ ቃጫዎች እየገባ በረዶ ሆኖ በግድግዳቸው ላይ ይጋገራል፤ በመካከል የቀረውንም አየር ይጨምቀዋል። በቀን በረዶው ሲቀልጥ የተጨመቀው አየር እንደ ተለቀቀ ሞላ ፈሳሹን ይገፋዋል። በካናዳና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የስኳር ሜፕልን ግንድ በስተው የሚቀዱት ፈሳሽ የሚወርደው በዚህ ኃይል ነው። በውስጡ ያለው ስኳር 2 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ማፍላት ያስፈልጋል። ለጌጥ የተተከለውን የጃፓን ሜፕል ግን በዚህ ወቅት ባንቆርጠው ይሻላል። ቅጠሉ እንደረገፈ ወይም ከፀደይ በኋላ ቅጠሉ ሲጠነክር መቁረጥ ቁስሉ ሳያለቅስ እንዲድን ያደርጋል።

ጅብራና ሜፕል

አንባቢዎቻችን «ይህ ዛፍ በእኛ አገር ቢተከልስ?» ሳይሉ አይቀሩም። ውርጭ እኛም ዘንድ አለ። የደጋ ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሲመሽ ለባቄላው ይሰጋል። ምድር ሙቀቷን በጨረር ወደ ጠራው ሰማይ ስለምትልክ ከአየሩ ይልቅ ቅጠሉ ይቀዘቅዛል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ ደግሞ ጅብራ ብዙ ሌሊቶችን ከዜሮ ዲግሪ በታች አድሮ ጠዋት በሚያቃጥል ፀሐይ ይውላል።

ሆኖም የጅብራ ፈተናና የሜፕል ፈተና አንድ አይደሉም። ጅብራ ቅጠሉን ሳያረግፍ በማናቸውም ሌሊት ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። ከዚሁ ዓይነት አየር ንብረት በኬንያ ተራራ የሚበቅሉት ግዙፍ ሴኔሲዮዎች ማታ ማታ ቅጠላቸውን ወደ መሃል ሰብስበው እንቡጣቸውን ይሸፍናሉ፤ ጠዋት ይከፍታሉ። ሜፕል የሚዘጋጀው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ለመዘጋጀትም ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ምልክቱም የቀን ማጠር ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ምልክቱ ደካማ ነው። ከእንቅልፉም በሥርዓት ለመንቃት ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለ ቅዝቃዜ ለብዙ ሳምንታት ሳይቋረጥ ሊያገኝ ይገባዋል። የአፕል ዛፍም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በጋሞ ደጋ በጨንቻ የተሳካው ከፍታው ስለሚያቀዘቅዝና ብዙ ቅዝቃዜ የማይሹ ዝርያዎች ስለተመረጡ ጭምር ነው። የጃፓን ሜፕል በእኛ ደጋ ቢተከል የሚቸግረው ብርዱ ሳይሆን የብርዱ መቆራረጥ ነው ብለን እናምናለን።

አደገኛው ፀደይ

ከበረዶው ወራት ሁሉ አስጊው መጨረሻው ነው። ዛፉ የሚፈልገውን ያህል ቅዝቃዜ ካገኘ በኋላ የሚጠብቀው ሙቀትን ብቻ ነው። ጥቂት ሞቃት ቀናት ከመጡ ስኳሩን ወደ ሥራ ያሰማራል፣ ሕዋሳቱ በውሃ ይሞላሉ፣ እንቡጡ ያብጣል። በመፀው ለሳምንታት የገነባውን መከላከያ በቀናት ውስጥ ያፈርሰዋል፤ መልሶ ለመገንባት ግን ጊዜ የለውም። በጃንዩዋሪ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የቻለው ያው እንቡጥ ከተከፈተ በኋላ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ሊገድለው ይችላል።

በ2007 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቃዊ አሜሪካ የሆነው ይኸው ነው። ማርች ከልማዱ ውጭ ሞቀ፤ ዛፎች ቀድመው ቅጠል አወጡ። በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርዱ ተመልሶ መጣና ለብዙ ሌሊቶች ቆየ። በሰፊ አካባቢ የደን ዛፎች፣ የፍራፍሬ ተክሎችና የግቢ ጌጦች አዲስ ቅጠላቸው ጠቁሮ ተንጠለጠለ። ብርዱ በራሱ ለወቅቱ እንግዳ አልነበረም። እንግዳው ከእርሱ በፊት የመጣው ሙቀት ነበር።

የዓለም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ለሜፕል የሚመቸው ይመስል ይሆናል። የጃፓን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሜፕል ቅጠል የሚቀላበትን ቀን ይመዘግባል። በ2021 የሚከታተላቸውን የዕፅዋት ዓይነቶች ወደ 6 ሲቀንስ እንኳ ሜፕልን አላስቀረም። መዝገቡ እንደሚያሳየው የመቅላቱ ቀን በየአሥር ዓመቱ 3 ቀን ያህል እየዘገየ መጥቷል። ፀደይም በበኩሉ ወደፊት ይገፋል፤ የቼሪ አበባ የሚፈካበት ቀን በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ቀድሟል። ዛፉ የሚያርፍበት ጊዜ ከሁለቱም ጫፍ እያጠረ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያለው ተንከባካቢ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሞቃት ቀን ሲመጣ ማሰሮውን ወደ ፀሐይ ለማውጣት አይቸኩልም። ከጥላው እንዳለ ይተወዋል፤ ጉዝጓዙንም አያነሣም፤ አፈሩ በቀዘቀዘ መጠን ዛፉ ይዘገያልና። ቅጠሉ ወጥቶ ውርጭ የተፈራ እንደሆነ ግን ማታ ሰማዩ ሲጠራ በቀላል ጨርቅ ይሸፍነዋል። ጨርቁ እስከ መሬት መድረስ አለበት፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይገፈፋል።